በሐምሌ ዝናብ ጅማ

ጅማ የሚኬደው በኅዳር ነው ይላሉ ሰዎች። ቡናው ቀልቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሰማዩ ጠርቶ። እውነት ነው፣ ኅዳር ደስ ይላል። እኔ ግን ሐምሌን መረጥኩ። ያንን ቀይ ፍሬ ለኅዳር የሚያደርሰው የክረምቱ ዝናብ ነው። ጅማ ላይ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ክረምቱ ነው። አገሩን ሥራ ላይ እያለ ማየት ፈለግኩ።

«በዚህ ዝናብ? ያውም ብቻሽን?» ያላለኝ ሰው የለም። ብቻዬን የሄድኩት አስቤበት ነው። ሰው ሲኖር ጨዋታ አለ፤ በጨዋታ መሃል መንገዱ ሳይታይ ያልፋል። እኔ ደግሞ ደስ ያለኝ ቦታ መቆም፣ ዝናቡ ሲበረታ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነበር ያማረኝ።

ረቡዕ፦ ከአዲስ አበባ ጅማ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ቀደም ብዬ ጎማዎቿን አስቀይሬ፣ ለዝናብ መጥረጊያዎቿ አዲስ ላስቲክ አስገጥሜ፣ ፍሬኗን አስፈትሼ ነበር። በክረምት መንገድ ላይ ነፍስ የሚያድኑት እነዚህ ናቸው።

ሰበታን እስኪወጡ ድረስ ያው የከተማ ግርግር ነው። ከዚያ የበቾ ሜዳ ይመጣል። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ውሃ ይይዛል። ሜዳው ግማሹ ኩሬ ሆኗል። ገበሬዎች በሬ ጠምደው በጭቃው መሃል ለጤፍ ያርሳሉ። አዲስ አበባ ከምትበላው ጤፍ ጥቂት የማይባለው ከዚህ ነው የሚመጣው። እንጀራ ቆርሼ ስበላ ይህ ጭቃ ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ወሊሶ ላይ ሻይ በዳቦ ቀማመስኩ። ከፍ ብሎ ሐይቁን የታቀፈው የወንጪ ተራራ አለ። ዛሬ ግን ጭጋግ ውጦታል። ወልቂጤ ስደርስ ረፍዷል። ክትፎ አገር ደርሼ ቀኑ ረቡዕ ነውና ሽሮ በልቼ ተነሳሁ።

ከወልቂጤ ወዲያ መንገዱ ሌላ ነው። ደጋው ድንገት ያልቅና የጊቤ ሸለቆ ከፊት ይከፈታል። ቁልቁለቱ ኩርባ በኩርባ ነው። ከላይ ዝናብና ጭጋግ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ ዝናቡ አባራ፣ ሙቀቱ መጣ። ሹራቤን አወለቅኩ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ። ዝንጀሮዎች አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው ፀጉራቸውን ያደርቃሉ። ከፊቴ አንድ አይሱዙ ጭነት ከብዶት ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ሾፌሩ የግራ ፍሬቻ አበራልኝ፤ ቆይ ማለቱ ነው። ኩርባውን ስንዞር ወደ ቀኝ ቀየረው፤ እለፊ ማለት ነው። በክላክስ አመሰገንኩት። የአገራችን የጭነት መኪና ሾፌሮች እንዲህ ለማያውቁት ሰው መንገድ አይተው ይነግራሉ። ማንም ሳያዛቸው የሚያደርጉት ስለሆነ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

ከድልድዩ አለፍ ብዬ ዳር ይዤ ቆምኩ። ጊቤ ሞልቷል። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ውሃው ቀይ ነው፤ ቅርንጫፍና የበቆሎ አገዳ ይዞ ይወርዳል። ይህ ወንዝ ወደ ደቡብ ሄዶ ከጎጀብ ጋር ሲገናኝ ኦሞ ይሆናል፤ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። መሙላቱ ያኮራል። መቅላቱ ግን ያሳዝናል። ያ ቀለም የሰው ማሳ ነው። ከጉራጌም፣ ከየምም፣ ከጅማም ተጠርጎ የመጣ አፈር ነው።

ከዚያ ወደ አበልቲ ዳገት። ላይ ስወጣ ዝናቡ ጠበቀኝ፤ ሶኮሩ ድረስ አልተወኝም። ደነባ አካባቢ የግልገል ጊቤ ሐይቅ ለአፍታ በዝናቡ መሃል ታየኝ። ግልገል ጊቤ አንድ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከእሱ የወጣው ውሃ 26 ኪሎ ሜትር በዋሻ ተጉዞ ግልገል ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል፤ እሱ ደግሞ 420 ሜጋ ዋት ነው። ታች ኦሞ ላይ 1,870 ሜጋ ዋቱ ጊቤ ሦስት አለ። እዚህ መስታወቴን የሚመታው ዝናብ ሦስት ቦታ መብራት ይሆናል ማለት ነው። ተራሮቹ አፈራቸውን ካልያዙ ግን ደለሉም አብሮ ይገባል። ስለ ግድብ ስናወራ ስለ ገበሬው ማሳና ስለ እርከኑ እኩል ብናወራ እመኛለሁ።

አሰንዳቦን፣ ሰርቦን አልፌ ጅማ ስገባ 9 ሰዓት ሊሆን ነው። ባጃጆቹ ሁሉ ላስቲክ መጋረጃቸውን አውርደዋል። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። ገና ከመኪና ስወርድ ጃንጥላ ይዘው መጡ።

«ብቻሽን ነው የነዳሽው የኔ ልጅ?»

«አዎ እትዬ።»

«ጉድ! በይ ግቢ፣ ቡና ተፈልቷል።»

ሐሙስ፦ ጅሬንና ገበያው

ጠዋት ፀሐይ ወጣ። የጅማ ዝናብ ብዙ ጊዜ ሰዓት ያውቃል፤ ጠዋት ፋታ ሰጥቶ ከቀትር በኋላ ይመጣል። ስለዚህ የምታየውን በጠዋት ማየት ነው። ወደ ጅሬን ወጣሁ፤ ከከተማው መሃል ጥቂት ኪሎ ሜትር ዳገት ነው።

የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ቤት ነው። ፎቅ አለው፣ ዙሪያውን ሰገነት አለው። አጠገቡ መስጊድ አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዙ። ሲነግሡ ገና ወጣት ነበሩ፤ እናታቸው ጉሚቲ ትልቅ አማካሪያቸው ነበረች። ምኒልክ ወደ ደቡብ ሲመጡ አባ ጅፋር ጦር ከመማዘዝ ግብር መክፈልን መረጡ። በዚህም ጅማ የውስጥ አስተዳደሯን ይዛ ረጅም ዘመን ቆየች፤ ገበያዋም አልተፈታም። ይህን ውሳኔ የሚነቅፍ አለ። እኔ ሰገነቱ ላይ ቆሜ ያንን አረንጓዴ አገር ቁልቁል ሳይ፣ ሰውየው ምን ለማትረፍ እንዳሰቡ ገባኝ።

ቤቱ ግን ያሳስባል። እንጨት ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ እርጥበት ነው። የጣውላውን ጫፍ በጣቴ ነካ ሳደርገው ለስልሷል። እንዲህ ያለ ቅርስ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው ሊታይ፣ አሸንዳው ሊጠረግ ይገባዋል። ትልቅ ፕሮጀክት መጠበቅ የለበትም፤ የሚፈልገው የየዓመት እጅ ነው።

ከዚያ ገበያ። ሐሙስን የመረጥኩት ለዚህ ነበር። ጅማ ከተማ ሳትሆን በፊት እዚህ ሄርማታ የሚባል ገበያ ነበር፤ የሚቆመውም ሐሙስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ከጎጃምና ከጎንደር ድረስ ይመጡበት ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይገዙ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ገበያው ትልቅነት ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም። የዛሬዋ ከተማ ቅርጽ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ የመጣ ነው፤ ፈረንጅ አራዳ ላይ የዚያን ጊዜ ሕንፃዎች አሁንም አሉ።

አንድ በርጩማ ጠራቢ ዘንድ ብዙ ቆየሁ። የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው፤ ሁሉም ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው። ሚስማር የለም፣ ማጣበቂያ የለም። እንጨቱ ዋንዛ ነው። ጠራቢው ግንዱን በሁለት እግሩ መሃል ይይዛል። በትንሽ ጠገራ መቀመጫውን ያጎደጉዳል። የሚላጨው እንጨት ቀጭን ነው፣ እየተጠቀለለ ይወድቃል። ውስጡ ሲወጣ ነጣ ያለ ቡኒ ነው፤ ሽታው እንደ እርጥብ ጭድ ነው። አልፎ አልፎ ያቆምና መዳፉን ያሳርፍበታል። በዓይኑ አይደለም የሚለካው፣ በመዳፉ ነው። በክረምት መሥራት አይከብድህም ወይ አልኩት።

«ክረምት ነው ጥሩው እህቴ» አለኝ። «በበጋ እንጨቱ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በክረምት ቀስ ይላል፤ አይበጣጠስም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ገበያተኛው አልሮጠም። ላስቲክ ከየጎኑ ተዘረጋ፣ በርበሬና ኮረሪማ ተሸፈነ፣ ግብይቱ በላስቲክ ሥር ቀጠለ። እኔም የአቮካዶ ጭማቂ ቤት ገብቼ የቆርቆሮውን ድምፅ ስሰማ አመሸሁ። ሌላ ነገር አልሠራሁም።

ዓርብ፦ አጋሮ

የአጋሮ መንገድ ያምራል። ከጅማ እንደወጣህ ቡናው በሁለቱም በኩል ይጀምራል። 12 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ መልኮ አለ፤ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኝበት ነው። እዚህ ግቢ ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ ለጥቂት ደቂቃ ቆምኩ። ባለውለታችን የሆነ ቦታ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገባ። ፈንገስ ነው። የሚወደው ብርድና እርጥበት ነው፤ የሚያጠቃውም ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ ነው። ቡናውን የሚያሳድገው ዝናብ በሽታውንም ያስፋፋለታል። ያን ጊዜ ተመራማሪዎች ጫካ ለጫካ ዞረው፣ ሌላው ሲረግፍ ፍሬውን የያዘ ዛፍ ፈለጉ። ከተገኙት እናት ዛፎች ዘር ተወስዶ ተፈተነ፣ ተባዛ፣ ለገበሬው ተሰጠ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች የዚያ ሥራ ውጤት ናቸው። 74 የሚለው የተመረጡበት ዓመት፣ 1974 ነው። የውጭ አገር ቡና ቤቶች እነዚህን ቁጥሮች ማሸጊያ ላይ ጽፈው ይሸጣሉ። እኛ ዘንድ ግን ቁጥሩን ከገበሬውና ከባለሙያው በቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። ቢታወቅ ደስ ይለኛል።

አጋሮ ስደርስ የጁምዓ ሰዓት ነበር። ሱቆች ተዘግተዋል፣ መንገዱ ረጭ ብሏል። ሶላቱ ሲያልቅ ከተማዋ ነጭ ለበሰች፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ አባት ማሳቸውን አሳዩኝ። ቡናው በሰሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ነው። ጫማዬ ጭቃ ያዘ፤ እሳቸው የላስቲክ ቦቲ አድርገዋል። አንድ ቅርንጫፍ ወደ እኔ ጎንበስ አደረጉት። ፍሬው ተጠጋግቶ እንደ ዶቃ ተሰክቷል፤ አረንጓዴና ጠጣር ነው። በየፍሬው ጫፍ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል። አንዱን ቀጥፈው በጥፍራቸው ከፈሉት። ውስጡ ገና ለስላሳና ነጭ ነው፤ ዘሩ እየጠነከረ ያለው አሁን ነው። ከዚያ ሌላ ፍሬ አሳዩኝ። ጎኑ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ጎድጓዳ ምልክት አለች።

«ይሄ ነው በሽታው» አሉኝ። «ልጄ፣ ቡና ዝናብ ይወዳል። ሲበዛበት ግን ይታመማል። እኛም ስንጸልይ በልኩ ይሁን ነው የምንለው።»

በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ያወጣል። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ስምንት ወር ያህል ነው። ሐምሌ መሃሉ ነው። ማንም ቱሪስት የማይመጣበት፣ ገበሬው ግን ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ።

ጮጬም እዚሁ አጋሮ አቅራቢያ ነው። ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚህ ነው ይላሉ የአካባቢው ሰዎች። ከፋዎች ደግሞ በእነሱ አገር ያለው ማንኪራ ነው ይላሉ። ክርክሩ ሲጋጋል ሰምቻለሁ። እኔ ሁለቱንም ሳዳምጥ የምወስደው ነገር አንድ ነው። እዚህም እዚያም የሚከራከረው ሰው ቡናውን ይወደዋል። ጫካው ደግሞ ከዞንና ከክልል ድንበር በፊት የነበረ ነው።

ስሸኝ ባለማሳው አባት አንድ ላስቲክ በቆሎ እሸት ሰጡኝ። በኦሮምኛ «ገላቶሚ» ብሎ ማመስገን ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

ቅዳሜ፦ በበለጤ ወደ ቦንጋ

ቦንጋ ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰቃ ጨቆርሳን አልፌ ሸቤ ልደርስ ስል መሪው ወደ ቀኝ ጎተተኝ። የኋላው ጎማ ነው፤ ሚስማር ገብቶበታል። ዝናቡ ዶፍ ነበር። ክሪኩን ላወጣ ስል ከበቆሎው ማሳ ሁለት ልጆች ሮጠው መጡ፤ አንዱ ድንጋይ አመጣ፣ አንዱ ጃንጥላ ያዘልኝ። ስኮርታውን ቀይረን ሸቤ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ደረስኩ። ጎሚስታው ጎማውን ሲለጥፍ «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። አዎ ስለው ሥራውን ሳያቆም «ጎበዝ» አለ። ሌላ ጥያቄ የለም። ገንዘቡን ተቀብሎ የቀሩትን ሦስት ጎማዎች በነፃ ነፋስ አየልኝ።

በዚሁ መንገድ ላይ የበለጤ ጫካ አለ። ስለዚህ ጫካ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። አስፋልቱ በመሃሉ ያልፋል። ቀረሮው፣ ዝግባው ከጭጋጉ በላይ ነው፤ ጫፉ አይታይም። ሞተር አጠፋሁ። ዝናቡ አቁሞ ነበር፣ ጫካው ውስጥ ግን አሁንም ይዘንባል፤ ከላይ ቅጠል የያዘውን ውሃ ወደ ታች ቅጠል እያቀበለ። ከሥር የጫካ ቡና አለ፤ ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ፍሬው ጥቂት ነው። ትናንት ካየሁት ማሳ ጋር አይመሳሰልም። ኮረሪማም እዚያው ሥሩ ላይ በቅሏል። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ የነጭ ጭራቸው ብልጭታ ይታያል። ዛፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። እዚህ ያለ ሰው ዛፉ ሲቆም ነው ማርም፣ ቡናም፣ ኮረሪማም የሚያገኘው። ጫካው እስካሁን የቆመበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ጎጀብ ላይ እንደገና ሙቀት፣ እንደገና የሞላ ወንዝ። ከድልድዩ ወዲያ ከፋ ነው። ጊምቦን አልፎ ቦንጋ ኮረብታ ላይ ተሰትራለች። የከፋ ጫካ በ2010 (እንደ አውሮፓውያን) ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም እዚሁ ነው የቆመው። ማንኪራ መሄድ ፈልጌ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል ኮሮላዋን አየና ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ጭቃ? በኅዳር ነይ።» አመንኩት። ማታ ቆጮ በጎመን በላሁ፣ ቡና ጠጣሁ፣ ተኛሁ።

እሁድ፦ መመለስ

ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ከጎጀብ ወዲህ ዳገቱ ላይ አፈር ተንዶ ግማሹን መንገድ ይዟል። አንድ አውቶቡስና ሁለት ሲኖትራክ ቆመዋል። ተሳፋሪው ወርዶ፣ አካፋ ከመንደር መጥቶ፣ ሁሉም ይዝቃል። እኔም ድንጋይ አቀበልኩ። አንዲት እናት የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ይዘው ለሚሠራው ሁሉ ያድላሉ። ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ ትንንሾቹን መኪኖች አሳለፉን።

ጅማ ገብቼ ቀኑ ሳይመሽ ቦዬ ረግረግ ሄድኩ። ከከተማው ዳር ነው። ክሬን የሚባሉት ባለ አክሊል ጥቁር ወፎች በሣሩ መሃል ሁለት ሁለት ሆነው ይራመዳሉ፤ ራሳቸው ላይ ያለው ወርቃማ ጉትዬ ከሩቅ ይለያል። እንቁላል ጥለው የሚፈለፍሉት በዚህ እርጥብ ወቅት ነው። ረግረጉ ግን በሁሉም በኩል እየተገፋ ነው፤ በአንድ ወገን እርሻ፣ በሌላው ቤትና የጡብ ሥራ። ረግረግ ባዶ መሬት ይመስላል። ክረምት ላይ ከከተማው የሚወርደውን ጎርፍ የሚቀበለው ግን እሱ ነው። የጅማ ሰው ይህን ቦታ ከእጁ እንዳያስወጣው እለምናለሁ።

ለክረምት ጉዞ የምትነሱ ካላችሁ ልንገራችሁ። ስኮርታችሁ የምር ጎማ ይሁን። የላስቲክ ቦቲ ያዙ። ሸቤና ሰቃ ላይ ጎሚስታ አለ፤ በበለጤ ጫካ ውስጥ ግን የለም። የምትጎበኙትን በጠዋት ጨርሱ። ሐሙስን ለገበያው ተዉለት። ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ በማለዳ ከጅማ ተነሱና የጊቤን ኩርባዎች በብርሃን እለፏቸው፤ ከቀትር በኋላ ዝናብም ጭጋግም ላዩ ላይ ስለሚጠብቃችሁ።